የግሪንሃውሱና የማሳው ውጤት ሲለያይ፦ የስንዴ ግንድ ዋግ ፍተሻ

ሰብለ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዳቦ ስንዴ መስመሮችን (ገና ዝርያ ሆነው ያልተለቀቁ የማዳቀል ውጤቶችን) ለግንድ ዋግ፣ ፈንገስ ለሚያመጣው የስንዴ በሽታ፣ እየፈተሽን ነው። የግሪንሃውሱና የማሳው ውጤት ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል። ሦስቱን ብቻ ለምሳሌ ላስቀምጥ (የቡቃያው ንባብ ከ0 እስከ 4 ነው፤ 3 እና 4 ተጠቂ፣ ከዚያ በታች ያለው «;»ን ጨምሮ ተቋቋሚ። የማሳው ቁጥር የበሽታው መጠን በመቶኛ ነው፤ ፊደሎቹ ምላሹ ናቸው፦ ኤምአር በመጠኑ ተቋቋሚ፣ ኤምኤስ በመጠኑ ተጠቂ፣ ኤስ ተጠቂ)፦

መስመር ሀ፦ በቡቃያ 3+፣ ማሳ ላይ 20 ኤምአር።
መስመር ለ፦ በቡቃያ 2-፣ ማሳ ላይ 60 ኤስ።
መስመር ሐ፦ በአንድ ማሰሮ ውስጥ «;» እና 4 ተቀላቅሎ ወጣ፣ ማሳ ላይ 30 ኤምኤስ።

ቡቃያው የተፈተነው ቲቲኬኤስኬ (ዩጂ99) በተባለው የፈንገሱ ሬስ (ዓይነት) ብቻ ነው። ማሳው አርሲ ውስጥ ነው፤ ከአካባቢው የተሰበሰበ ስፖር (የፈንገሱ ብናኝ ዘር) ተረጭቶበታል፣ በነፋስ የመጣም አይጠፋም። ግሪንሃውሱ ከሰዓት በኋላ እስከ 28 ዲግሪ ሴልሲየስ ይወጣል። «ሀ ተጠቂ ስለሆነ ይጣል፣ ለ ለማዳቀል ይያዝ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ትክክል ነው? ሐንስ ምን ላድርገው?

---

ጋሽ ዋግ፦

ሰብለ፣ ሀን እንዳትጥይው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እኔ የምይዘው እሱን ነው።

የቡቃያ ፍተሻ የሚያሳይሽ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምሮ የሚሠሩትን ጂኖች ብቻ ነው። እነዚህ አብዛኞቹ በአንድ ሬስ ላይ ሠርተው በሌላው ላይ የማይሠሩ ናቸው። ተክሉ ሲጎለምስ ብቻ የሚታየውን መቋቋም ቡቃያ ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም። ዋነኛው ኤስአር2 ነው (ኤስአር የግንድ ዋግ፣ ኤልአር የቅጠል ዋግ መቋቋሚያ ጂኖች መጠሪያ ነው)። ኤስአር57 (ኤልአር34)፣ ኤስአር58 (ኤልአር46) እና ኤስአር55 (ኤልአር67) የሚባሉትም አሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከግንድ ዋግ ሌላ በቅጠል ዋግና በቢጫ ዋግ ላይም ይሠራሉ። በቡቃያ 3+ ወጥቶ፣ አጠገቡ ያለው ተጠቂ መለኪያ በዋግ ሲወረር ማሳ ላይ 20 ኤምአር ላይ የቆመ መስመር ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቲቲኬኤስኬ ቢያልፈውም በማሳው ሬስ ላይ የሚሠራ ጂን ይኖረዋል። ለማረጋገጥ በዘር ፍሬው ልባስና በአንጓዎቹ ሥር የሚታይ ጥቁረት ፈልጊ፤ ከኤስአር2 ጋር አብሮ የሚሄድ ምልክት ነው። አየሩ ካልረዳው ላይታይ ስለሚችል አለመኖሩን እንደ ማስረጃ አትውሰጂ። በሌላ በኩል ይህን ጥቁረት በሽታ ነው ብለው መስመሩን የሚጥሉ አሉ፤ እሱ የባሰ ነው። ለኤልአር34 እና ለኤልአር67 የዲኤንኤ ምልክቶቻቸው አስተማማኝ ናቸው፣ ቅጠል ልከሽ አስመርምሪ።

ኤስአር2 ብቻውን ሲሆን በሽታው በበረታበት ዓመት አይበቃም። ዋጋው ከሌሎቹ ጋር ሲደረብ ነው። እንዲህ ያሉ ጂኖች አራት አምስት ሲሆኑ ተክሉ ነፃ ነው ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ይደርሳል። ኤስአር2 ያሮስላቭ ከተባለ የኤመር ስንዴ ወደ ዳቦ ስንዴ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ አሁንም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ መጥተው የሄዱትን «ጠንካራ» ጂኖች ቁጠሪና አወዳድሪ።

ወደ ለ ልምጣ። በቲቲኬኤስኬ 2- መስጠቱ አንድ የሚሠራ ጂን እንዳለው ይነግርሻል። አርሲ ላይ 60 ኤስ መሆኑ ደግሞ ያንን ጂን የሚያልፍ ሬስ ማሳው ውስጥ እንዳለ ነው። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ኤስአርቲኤምፒ ነው። ዲገሉ የወደቀው በዚሁ መንገድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የተለቀቀ የስንዴ ዝርያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች ሲጎዳ እሱ ስለተቋቋመ በሰፊው ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር ባሌና አርሲ ላይ ቲኬቲቲኤፍ የተባለው ሬስ መጥቶ አንዳንዱን ማሳ እስከ ፍጹም ኪሳራ አደረሰው። ቲኬቲቲኤፍ ከዩጂ99 ወገን አይደለም፤ ኤስአር31ን አያልፍም፣ ኤስአርቲኤምፒን ግን ያልፋል። ዩጂ99 በግልባጩ ነው፦ ኤስአር31ን አልፎ ኤስአርቲኤምፒ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በቲቲኬኤስኬ ብቻ የተፈተነ መስመር ዲገሉን መስሎ ያልፋል። ለን በቲኬቲቲኤፍ ድገሚው፤ 3+ ወይም 4 ካወጣ ጥርጣሬው ወደ እውነት ቀረበ ማለት ነው።

---

ከቁሉምሳ ማዶ፦

በጋሽ ዋግ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ሆኖም ከመደምደምሽ በፊት የቡቃያው ፍተሻ ራሱ ንጹህ መሆኑን አረጋግጪ። 28 ዲግሪው ያሳስበኛል። ሥራው ሲሠራ ውጤት የሚያበላሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

ቡቃያው የመጀመሪያ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ከተዘራ 7 እስከ 8 ቀን ላይ ይረጭ። ከዚያ ቢዘገይ ሁለተኛው ቅጠል ብቅ ይልና በየትኛው ቅጠል እንደምታነቢ ይምታታል። በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቆየ ስፖር እንደወጣ አይረጭም፤ ለ5 ደቂቃ ያህል በ40 እስከ 45 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ታሽጎ ይሞቅና ከዚያ እርጥበት ባለው ዝግ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ይህን መዝለል ስፖሩን እንዲያንቀላፋ ያደርጋል፣ ቡቃያውም በሙሉ የተቋቋመ ይመስላል። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ትንሽ ስፖር ውሃ አጋር (ጄሊ መሰል ማብቀያ) ላይ በትኖ፣ በጨለማ ሦስት አራት ሰዓት አቆይቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ግዴታ ነው። ከግማሽ በታች ከበቀለ በዚያ ስፖር መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

መጠኑ፦ ወደ 14 ሚሊ ግራም ስፖር በ0.7 ሚሊ ሊትር ቀላል የማዕድን ዘይት (ሶልትሮል 170 ዓይነት) ይበጠበጣል። ከተረጨ በኋላ ዘይቱ እስኪተን ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ዘይቱ ሳይደርቅ ወደ ጤዛ ክፍል ከገባ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ያ ቃጠሎ ደግሞ «;» ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዘይት የነካው ጠባሳ በቅጠሉ ላይ ወጥ አይሆንም፣ ዘይቱ የጠለለበት ቦታ ላይ ይበዛል፤ እውነተኛው «;» ግን ስፖር ባረፈበት ሁሉ ላይ ተበትኖ የሚታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው።

ጤዛ ክፍሉ 18 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ከዚያ በኋላ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ፣ ሦስት አራት ሰዓት ጠንካራ ብርሃን ይሰጠዋል። የግንድ ዋግ በጨለማ ይበቅላል፤ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ በኩል ለመግባት ግን ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃኑ የቀረ ወይም ቅጠሉ ቀድሞ የደረቀ እንደሆነ መለኪያው ዝርያ እንኳ ላይ ፐስቹል (ስፖር የሚወጣበት የዋግ ብጉር) ላይወጣ ይችላል። ቢጫ ዋግን በዚሁ ልማድ መሥራት አይቻልም፤ እሱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ላይ ነው የሚበቅለው፣ ብርሃኑም አያስፈልገውም።

ከዚያ ግሪንሃውስ ውስጥ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ አቆይተሽ በ14ኛው ቀን አንብቢ። 28 ዲግሪ የሚጎዳው የሙቀት ጉዳይ የሆኑ ጂኖች ላይ ነው። ኤስአር6 በ18 እና 20 ዲግሪ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፣ ከ24 ዲግሪ በላይ ግን ይጠፋል። ለአንቺ ሬስ ግድ የለውም፣ ቲቲኬኤስኬ ኤስአር6ን ያልፈዋልና። ያልታወቀ ሬስ ስትለዪ ግን ሙቀቱ የሬሱን ስም ፊደል ይቀይርብሻል (ከአምስቱ ፊደላት እያንዳንዱ የአራት መለያ መስመሮች ረድፍ ውጤት ነው)፦ በሁለተኛው ረድፍ ኤስአር11 እና ኤስአር6 ዝቅ ብለው፣ ኤስአር8ኤ እና ኤስአር9ጂ ከፍ ብለው ቢነበቡ ፊደሉ ኤፍ ነው፤ በሙቀት ኤስአር6 ከፍ ካለ ኬ ይሆናል፣ የሌለ ሬስ ፈጠርሽ ማለት ነው። ተቃራኒዎቹም አሉ፤ ኤስአር13 እና ኤስአር21 ሞቅ ሲል ይሻላቸዋል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚያቅማሙ ናቸው።

መለኪያ ሳይደረግበት የሚነበብ ማሰሮ አይኑር። ማክኔር 701 የተባለው ተጠቂ መለኪያ ዝርያ ሁሉም ላይ 4 ማውጣት አለበት። 3- ካወጣ ፍተሻው ደክሟል፣ የመስመሮቹም 2 ዋጋ የለውም።

---

ሰብለ፦

አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለን በቲኬቲቲኤፍ እንድደግመው የነገሩኝን አደርጋለሁ። ሐ ላይ ግን ምንም አልተባለም፣ ማሰሮው ውስጥ አንዳንዱ ተክል «;»፣ አንዳንዱ 4 ነው። ይህ ኤክስ የሚባለው ዓይነት ነው ወይስ ስፖሩ ተቀላቅሏል?

---

ጠብታ፦

ሰብለ፣ አንዱ ተክል ሙሉ በሙሉ «;» ሌላው ተክል ሙሉ በሙሉ 4 ከሆነ ኤክስ አይደለም። ኤክስ የሚባለው በአንድ ቅጠል ላይ ትንንሾቹም ትልልቆቹም ተደባልቀው ሲወጡ ነው። የአንቺ ሁኔታ ዘሩ መቀላቀሉን ወይም መስመሩ ገና እየተከፋፈለ መሆኑን ያሳያል።

መለያ ዘዴው ይኸው። ከሐ 20 ያህል ተክል ለብቻ ለብቻ በየማሰሮው አብቅዪ፤ ሁሉንም በአንድ ስፖር ርጪ። «;» የሆኑትና 4 የሆኑት ቁጥር ሦስት ለአንድ ገደማ ከሆነ መስመሩ በአንድ ጂን እየተከፋፈለ ነው፣ ያኔ «;» የሆኑትን እያንዳንዱን ለብቻ ሰብስቢ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ገና ስለሚከፋፈሉ ልጆቻቸውን ደግመሽ ፈትነሽ ሁሉም «;» የሆኑትን ብቻ አራቢ። ጥምርታው የትም የማይገጥም ከሆነ ዘሩ ተቀላቅሏል፤ ከመጋዘን የመጣውን ዘር የምድብ (ሎት) ቁጥር ፈትሺ፣ ዘሩን ከመነሻው አስመጪ። መስመሩ ከአንድ ተክል ደጋግሞ ተመርጦ የመጣ ከሆነ ግን ሦስት ለአንዱ አይጠበቅም፣ ወዲያው ቅልቅልን ጠርጥሪ።

አንድ ቅጠል ላይ ሁለቱም ቢታዩ ደግሞ ይህን አድርጊ፦ ከትልቁ ፐስቹል ብቻ በትንሽ መንጠቆ ስፖር አንሺ፣ በዚያው መስመር ላይ መልሰሽ ርጪ። ሁለተኛውም ዙር ተደባልቆ ከወጣ ኤክስ ነው። ሁሉም 4 ከሆነ ግን ስፖርሽ ውስጥ ሌላ ሬስ ገብቷል፣ እስካሁን በዚያ ስፖር ያነበብሽው ሁሉ ይደገማል። ንጹህ ለማድረግ ሁልጊዜ ከአንድ ፐስቹል የተነሳ ስፖር በማክኔር 701 ላይ ይራባ፤ ከሌሎቹ ማሰሮዎች የሚለየው በሴሎፎን ከረጢት መሸፈኑ ነው። አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ሁለት ሬስ አጎራብቶ ማራባት መከራ መፈለግ ነው።

---

ጋሽ ዋግ፦

ጠብታ በደንብ ገልጾታል። ስለ ማሳው አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር።

በማሳ ላይ የሚነበበው የተሻሻለው የኮብ ሚዛን ሁለት ነገር ነው፦ መጠኑ በመቶኛ፣ ከዚያ የተክሉ ምላሽ። 100 በመቶ የሚባለው ፐስቹሉ የግንዱን 37 በመቶ ሲሸፍን ነው፣ «ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል» ማለት አይደለም፤ አዲስ አንባቢ ሁልጊዜ የሚያጎድለው ይህን ነው። ምላሹ በቁጥር ሲተካ አር 0.2፣ ኤምአር 0.4፣ ኤምአርኤምኤስ 0.6፣ ኤምኤስ 0.8፣ ኤስ 1 ይሆናል። የሀ 20 ኤምአር ስለዚህ 8 ነው፣ የለ 60 ኤስ 60 ነው፣ የሐ 30 ኤምኤስ 24።

አንድ ጊዜ ብቻ ያነበበ ሰው ግን እድገቱን አያይም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በየ7 እስከ 10 ቀኑ። በበሽታው እድገት መስመር ሥር ያለውን ስፋት (ኤዩዲፒሲ) ለማውጣት ሁለት ተከታታይ ንባቦችን አማካይ አድርገሽ በመካከላቸው ባሉት ቀናት ታባዢና ትደምሪያለሽ። 5፣ 20፣ 40 በ10 ቀን ልዩነት ከሆነ፦ 12.5 በ10 ሲባዛ 125፣ 30 በ10 ሲባዛ 300፣ ድምሩ 425። 1፣ 10፣ 20 ከሆነ 55 እና 150፣ 205። ሀ ይህን ዓይነት ቀርፋፋ መስመር ሳይሆን አይቀርም። ፈጥኖ የሚደርሰውን ዝርያ ከዘገየው ጋር በአንድ ቀን ማወዳደርም ስህተት ነው፤ ፈጣኑ ዋጉ ሳይበረታ ደርቆ «ተቋቋመ» ይባላል፣ ማምለጥና መቋቋም ግን ለየቅል ናቸው። የመብቀያ ደረጃውን ከንባቡ ጋር መዝግቢ።

ዋናው ግን የበሽታ ማሰራጫ ረድፍ ነው። ዙሪያውን የሚዘራው ተጠቂ ዝርያ ራሱ ሬስ ይመርጣል። ማሰራጫሽ ኤስአር31 ያለው ፒቢደብሊው343 የተባለው ዝርያ ብቻ ከሆነ ቲቲኬኤስኬ ይራባበታል፣ ቲኬቲቲኤፍ ግን አይራባበትም። ማሰራጫሽ ዲገሉ ብቻ ከሆነ በተቃራኒው። ለቲኬቲቲኤፍ ዲገሉን፣ ለቲቲኬኤስኬ ፒቢደብሊው343ን፣ ለቅልቅል ደግሞ ሁለቱንም ሞሮኮ ከተባለው ተጠቂ ዝርያ ጋር ደባልቆ መዝራት ይሻላል። ስፖሩን በማሰራጫው ግንድ ውስጥ፣ ተክሉ ግንድ ማውጣት ሲጀምር፣ በመርፌ መውጋት በጠዋት ጤዛ ከመርጨት ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ መርጨት ካስፈለገ ምሽት ላይ፣ ዝናብ ወይም ጤዛ በሚጠበቅበት ቀን፣ በ1 ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ማዋሃጃ) ጨምሮ።

---

ከቁሉምሳ ማዶ፦

ጋሽ ዋግ ስለ ማሰራጫ ባለው ላይ ልጨምርበት፣ ምናልባትም ትንሽ ልቃወም። ቅልቅል ማሳ «ተቋቋመ» ላለ መስመር ጥሩ ነው፣ «ተጠቃ» ላለ ግን ለምን እንደተጠቃ አይነግርም። ደብረ ዘይት ላይ በአንድ ሬስ ብቻ የተለየ የማሳ ምርመራ የሚሠራው ለዚህ ነው። የማካሮኒ ስንዴ ምሳሌ አለ፦ ኬንያ ንጆሮ ላይ በዩጂ99 ወገን ሬሶች ተፈትነው ጥሩ የወጡ ብዙ መስመሮች ደብረ ዘይት ላይ ይጠቃሉ። ምክንያቱ ጄአርሲኪውሲ የሚባል ሬስ ኤስአር9ኢ እና ኤስአር13ን ስለሚያልፍ ነው፤ ኤስአር13 ደግሞ በማካሮኒ ስንዴ ውስጥ በጣም የተለመደ ጂን ነው። ንጆሮን ብቻ አይቶ «መስመሩ ጥሩ ነው» ያለ ሰው አገር ቤት ሲዘራው ይከዳዋል።

ሰብለ፣ ጊዜ ካለሽ ለን በሦስት ሬስ አንብቢው፦ ቲቲኬኤስኬ፣ ቲኬቲቲኤፍ እና ጄአርሲኪውሲ። ዝቅና ከፍ የሚሉበትን ጥለት በ20ው ዲፈረንሻል (የታወቀ ጂን ያላቸው ሬስ መለያ) መስመሮች ላይ ካለው ጋር ብታስተያዪው የጂኑ ስም ይታይሻል። ለምሳሌ በቲቲኬኤስኬ ዝቅ፣ በቲኬቲቲኤፍ ከፍ ያለ ነገር ኤስአርቲኤምፒ ወይም ኤስአር36 ይሆናል፤ ሁለቱም በእነዚህ ሬሶች ላይ ያንኑ ጥለት ስለሚያሳዩ በዲኤንኤ ምልክት ትለያቸዋለሽ።

አንድ ጂን ብቻ ላይ ተስፋ አለማድረጉም ከዚህ ይከተላል። ለ ለማዳቀል የሚጠቅመው ከሀ ጋር ከተዳቀለ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። ውጭ አገር ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኤስአር22፣ ኤስአር35፣ ኤስአር45፣ ኤስአር50 እና ኤስአር55ን አንድ ላይ ደርድረው በአንድ ቦታ ያስገቡበት ስንዴ በግንድ ዋግ ላይ ጠንካራ ሆኖ ታይቷል። በዘረ መል ምሕንድስና የተሠራ ስለሆነ እኛ ጋ የሚገባበት ሕጋዊ መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። በመደበኛ ማዳቀል አምስት ጂን በአንድ ጊዜ ለማሸጋገር የሚፈተሸው የተክል ብዛት በጣም ትልቅ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ቡቃያው ገና ሳለ በዲኤንኤ ምልክት የሚጣራው።

---

ሰብለ፦

የቅልቅሉ ነገር ገባኝ። አርሲ ላይ ያለው ሬስ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ናሙና መላክ አለብኝ። ከማሳው ምን ያህል፣ በምን ተይዞ ይሂድ?

---

ጠብታ፦

ከማሳው ቢያንስ አምስት ስድስት ተክል፣ ከተለያየ ቦታ፤ ከሀ፣ ከለ፣ ከማሰራጫው ለየብቻ ይያዝ። ሬሱ የትኛውን መስመር እንዳጠቃ ሳይታወቅ ከተቀላቀለ የተሰበሰበ ናሙና ከግማሽ በላይ ዋጋው ይጠፋል። ፐስቹሉ ትኩስ፣ ገና ቀይ ቡናማ የሆነውን ምረጪ፤ ጥቁር የሆነው የወቅቱ ማብቂያ ስፖር ስለሆነ ስንዴ ላይ መልሶ አይራባም። ግንዱ ከቅጠሉ ሽፋን ጋር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ በወረቀት ከረጢት ይገባል። ላስቲክ ፈጽሞ አይሁን፣ ውስጡ ላብ ይሆንና ሻጋታ ይወስደዋል። ማታውን ጥላ ቦታ፣ አየር ባለበት ይደርቅ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ተረስቶ ከዋለ ስፖሩ ሞቷል። በቅርቡ ፀረ ፈንገስ የተረጨበት ማሳ ይለፍ፣ ፐስቹሉ ቢታይም አይበቅልም።

ከረጢቱ ላይ በእርሳስ፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ ከፍታ፣ የመስመሩ ስም፣ የተክሉ ደረጃና በኮብ ሚዛን የተነበበው። በስክሪብቶ የተጻፈ እርጥበት ይወስደዋል። ለዲኤንኤ ምርመራ ብቻ የሚላክ ከሆነ ስፖሩ መሞቱ ችግር የለውም፤ የተጠቃ ግንድ ቁራጭ በአልኮል ውስጥ ተነክሮ ይላካል፣ ሬሱን በቡቃያ ለመለየት ግን ሕያው መሆን አለበትና ሁለቱን ለየብቻ አድርጊ።